ያልጸደቀው ጨርቅ

ጋሽ ንጋቱ በሕይወት ዘመናቸው ያለ ፈቃድ ያደረጉት ነገር ቢኖር መወለድ ብቻ ነው። ይህን የሚሉት ራሳቸው ናቸው። እሱንም ቢሆን ቀድሞ የሚጠየቅበት መሥሪያ ቤት ቢኖር ኖሮ ማመልከቻ አስገብተው መልስ ይጠብቁ እንደነበር አይጠራጠሩም።

አገር ቤት ሳሉ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፍልስፍና አስተምረዋል። ስለ ነፃነት የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ በሩን ዘግተው፣ መስኮቱን ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያስተምሩ ስለነበር ተማሪው ፈተና ላይ የሚወድቀው እዚያው ምዕራፍ ላይ ነበር፤ አይሰማማ! ተማሪ ባመፀ ቁጥር ደግሞ ጋሽ ንጋቱን ጉንፋን ይይዛቸዋል። «የዚህችን አገር የፖለቲካ ታሪክ በንጋቱ የሕመም ፈቃድ መጻፍ ይቻላል» ብሎ የቀለደባቸው ባልደረባ ነበራቸው። ቀልዱን እስከ ዛሬ ለሰው ሲያወሩ ይስቃሉ፤ ሳቁ ግን መጨረሻው ላይ ወደ ሳል ይለወጣል።

አሜሪካ ከመጡ ወዲህ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንዲት አፓርታማ ተከራይተው ይኖራሉ። ሥራቸው አርሊንግተን ነው። የአንድ ትልቅ የቢሮ ሕንፃ መግቢያ ላይ ተቀምጠው የሚገባውን ሰው ባጅ ያያሉ፤ ፎቶውን ያያሉ፣ ፊቱን ያያሉ፣ በእጃቸው እለፍ ይላሉ። «ሰውና መልኩ አንድ ነው ወይ ብለው የተጨነቁ ፈላስፎች ብዙ ናቸው፤ በሰዓት እየተከፈለው መልስ የሚሰጥ ግን እኔ ብቻ ነኝ» ይላሉ።

እንዲህ ያለ ሰው እንዴት የሰላማዊ ሰልፍ አለቃ ሊሆን ቻለ ቢባል፣ ነገሩ የመጣው በማንበብ ነው።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አገር ቤት ሰው ሲታፈስ የዋሽንግተን አካባቢ ሐበሻ ሥራውን እየተወ ዋይት ሃውስ ፊት ለፊት መሰለፍ ጀመረ። ሰልፉን የሚመራው ኮሚቴ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ በአንድ ምግብ ቤት ምድር ቤት ይሰበሰባል። ሊቀመንበሩ ኢንጂነር ሠረቀብርሃን የሚባል፣ ገና አምሳ ያልሞላው፣ ከሜጋፎን ጋር አብሮ የተወለደ የሚመስል ሰው ነው። ታዲያ አንድ ቀን፣ ዋይት ሃውስ ፊት ለፊት ያለውን ቦታ ከሚያስተዳድረው ከፓርኩ መሥሪያ ቤት የተላከውን የሰልፍ መመሪያ ይዞ መጣና «ይህን የሚያነብልን ማነው?» አለ። ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ጋሽ ንጋቱ ተቀብለው ቤታቸው ወሰዱት፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ የግርጌ ማስታወሻው ሳይቀር አነበቡት። ከማንበብም አልፈው ወደዱት።

የገረማቸው አንድ ነገር ነበር። መመሪያው ውስጥ ስለሚባለው ነገር አንድ ቃል የለም። መንግሥትን ስደብ፣ አታመስግን፣ ስለ ንጉሥ ሰሎሞን ዘምር፣ ግድ የለውም። የሚጨነቀው ስለ ሌላ ነው። በዋይት ሃውስ አጥር ጥግ ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ የሚያዘው ጽሑፍ ካርቶን ወይም ጨርቅ ይሁን፤ እንጨት አይኑረው፤ አጥሩ ላይ አይታሰር። ቱሪስት ፎቶ የሚነሣበት መካከለኛው ቦታ ላይ ደግሞ ጽሑፍ የያዘ ሰው ቆሞ አይገኝ፤ መራመድ አለበት። ጋሽ ንጋቱ ይቺን የመጨረሻዋን አንቀጽ ደጋግመው አነበቡ። ስለ ነፃነት ስንት ዓመት ሲያስተምሩ ነፃነት እግር እንዳለው የነገራቸው አልነበረም። የፈለግኸውን ተናገር፤ ብቻ አትቁም!

ሐሙስ ማታ ይህን ለኮሚቴው ሲያብራሩ ኢንጂነር ሠረቀብርሃን ተነሥቶ ጨበጣቸው። «በቃ፣ ዋና ሥርዓት አስከባሪ ጋሽ ንጋቱ ናቸው» ተባለ። ቢጫ ቬስት ተሰጣቸው፣ ፊሽካም ተሰጣቸው። እንደ አዲስ ጳጳስ መስተዋት ፊት ቆመው ሲያስተካክሉት ልጃቸው ዮዲ አየቻቸው። ዮዲ ኮሌጅ ፓርክ ያለው ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ቅዳሜና እሑድ ልብሷን ለማጠብ ትመጣለች።

«ዳዲ፣ አንተ ፕሮቴስተር ነህ ወይስ ኮፕ?» ሰልፈኛ ነህ ወይስ ፖሊስ ማለቷ ነው።

«ሥርዓት አስከባሪ ነኝ።»

«ሶ… ኮፕ!»

«ሥርዓት የሌለው ነፃነት…» ብለው ሲጀምሩ ዮዲ የልብስ ቅርጫቷን ይዛ ወጥታ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ከመስተዋቱ በቀር የሚያዳምጣቸው ስላልነበረ ዓረፍተ ነገሩን ለእሱ ጨረሱለት።

ሥልጣን ይጣፍጣል። ጋሽ ንጋቱ ይህን ያወቁት በስተርጅና ነው። ሰው ሁሉ በፊሽካቸው ይሄዳል፣ በፊሽካቸው ይመለሳል። የባንዲራውን እንጨት ያስጥላሉ። አንድ ሽማግሌ ካርቶናቸውን ከዘራቸው ላይ ሰክተው ቢመጡ፣ ከዘራው የእግር ድጋፍ ነው ወይስ የጽሑፍ ድጋፍ የሚለውን እዚያው ቆመው ተከራክረው፣ በመጨረሻ ካርቶኑ ከዘራውን ለቆ አንገት ላይ እንዲንጠለጠል ወስነዋል። የፓርኩ ፖሊሶች «የእናንተን ሰልፍ የሚያህል ሥርዓት ያለው አይተን አናውቅም» ሲሏቸው ደረታቸው ይነፋል። ዕድሜ ልካቸውን ከፖሊስ ሲሸሹ ኖረው በፖሊስ መመስገናቸው ምን ማለት እንደሆነ ለማሰብ አልፈለጉም፤ እሳቸውን የመሰለ አሳቢ!

የፓርኩ መሥሪያ ቤት የተወውን ሥራ ደግሞ ኮሚቴው ይሠራዋል። የሚጮኸውም የሚጻፈውም መፈክር ሐሙስ ማታ በድምፅ ብልጫ ይጸድቃል። «እስረኞች ይፈቱ» ይሁን ወይስ «እስረኞች በአስቸኳይ ይፈቱ» በሚለው ላይ ብቻ ምግብ ቤቱ እስኪዘጋ የተከራከሩበት ጊዜ አለ። «በአስቸኳይ» ያለው ወገን በጥቂት ድምፅ አሸነፈ፤ የተሸነፈው ወገን የሚቀጥለውን ሰልፍ ቀረ። ስለዚህ ጋሽ ንጋቱ የካርቶኑን መጠን ከመንግሥት፣ የካርቶኑን ቃል ከኮሚቴው ተረክበው ሁለቱንም ያስከብራሉ። ያልጸደቀ ቃል የያዘ ሰው ሲመጣ በትሕትና ተቀብለው፣ የጸደቀ ካርቶን ሰጥተው፣ የራሱን አጣጥፈው ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ያኖሩታል። ይህን ሲያደርጉ የነፃነት ምዕራፍ አንድም ቀን ትዝ ብሏቸው አያውቅም።

ጥር ውስጥ አንድ ቅዳሜ፣ ብርዱ ጆሮ በሚቆርጥበት ቀን፣ የወይንሐረግ መጣች።

የወይንሐረግ የምትኖረው አሌክሳንድሪያ ነው፤ ሰው ቤት አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ታስታምማለች። የጥገኝነት ጉዳይዋ ገና ስላላለቀ ፖሊስ ባየች ቁጥር መንገድ ትቀይራለች። ሰልፍ ላይ ታይታ አታውቅም። የዚያን ቀን ያመጣት ወንድሟ ነው። ታናሽ ወንድሟ ፍሰሐ ደሴ መምህር ነው፤ በአፈሳው ወቅት ከቤቱ ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲህ የት እንደገባ አይታወቅም። ሚስቱ ያልረገጠችው ጣቢያ፣ ያልለመነችው ሹም የለም። ሁሉም «እዚህ የለም» ነው። ከእስር የወጣ አንድ ሰው ለፍሰሐ ሚስት እንዲህ ብሏት ነበር፦ አሳሪዎቹ ውጭ አገር ስሙ የተጠራ እስረኛን ይፈሩታል፤ ስሙ ያልተጠራውን ግን ማንም አይጠይቅም፣ እነሱም ያውቁታል።

የወይንሐረግ ደግሞ ሰልፉን የሚቀርጽ ሰው እንዳለ ሰምታለች። ቪዲዮው በሲዲ እየተባዛ አገር ቤት ይገባል፤ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ቪዲዮ ቤቶች በራቸውን ዘግተው ያሳዩታል። ካሜራው የሚቆመው ነጩ ቤት ከበስተጀርባ እንዲገባለት ከመካከለኛው ቦታ ትይዩ ነው። እዚያ መሐል መታየት አለባት።

ጋሽ ንጋቱ ያገኟት ከብብቷ ሥር የታጠፈ ነጭ ጨርቅ ስታወጣ ነው።

«እንደምን ዋልሽ እህቴ። ይህ ጨርቅ ለኮሚቴው ታይቷል?»

«የአልጋዬ አንሶላ ነው ጋሼ፤ ማን እንዲያይልኝ ነው?»

አጠገባቸው የነበሩት ሳቁ። ጋሽ ንጋቱ ቬስታቸውን ሳብ አደረጉ። «ጽሑፉ ጸድቋል ወይ ነው የምልሽ።»

ዘርግታ አሳየቻቸው። በጥቁር ቀለም፣ በእጅ ጽሕፈት፣ «ወንድሜ መምህር ፍሰሐ የት ነው? ደሴ» ይላል። «ደሴ» የምትለዋ ቦታ አንሷት ወደ ታች ተንሸራታለች።

«ልጄ፣ ሐዘንሽ ሐዘናችን ነው። ግን ዛሬ የተፈቀዱት መፈክሮች…»

«ወንድሜን የወሰዱት አጽድቀው ነው ጋሼ?»

ይህን ጊዜ ኢንጂነር ሠረቀብርሃን ሜጋፎኑን አንጠልጥሎ ደረሰ። አንሶላውን አነበበ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፊቱ ላይ አዘኔታ አለ፤ ይሁን እንጂ አዘኔታውን ቶሎ አጠፈው።

«እህቴ፣ ዛሬ የሕዝብ ቀን ነው እንጂ የቤተሰብ አይደለም። ሁሉም የየወንድሙን ስም ይዞ ከመጣ ሰልፍ መሆኑ ይቀርና ለቅሶ ይሆናል።»

«ሕዝብ የሚባለው የማን ወንድም ነው ታዲያ?» አለችው።

«ጋሽ ንጋቱ፣ ይህን ነገር ያስተካክሉልኝ» አለና ወደ ሜጋፎኑ ተመለሰ።

ጋሽ ንጋቱ የጸደቀ ካርቶን ሊያመጡላት ዞር ሲሉ የወይንሐረግ መሐል ገብታለች። አንዱን የአንሶላ ጫፍ በሁለት እጇ ይዛለች፤ ሌላውን ነፋስ ያንገላታዋል። የሚያልፈውን ሁሉ «ወንድሜ፣ አንዴ ያዝልኝ፤ እህቴ፣ አንዴ ብቻ» ትላለች። የጸደቀ ካርቶን የያዘው ሕዝብ ሰማይ ሰማዩን ያያል። እሷም ጫፉን በጫማዋ ረግጣ፣ የቀረውን ወደ ላይ ወጥራ ቆመች። ቆመች! በመካከለኛው ቦታ!

እዚህ ላይ ጋሽ ንጋቱ ያደረጉትን ከእኛ ሰው በቀር ማንም አያደርገውም። ቀጥ ብለው ዳር ወደቆመው ፖሊስ ሄዱ። አንዱን መንግሥት ሊቃወሙ በወጡበት ሰልፍ ላይ የሌላውን መንግሥት ፖሊስ፣ በዚያ በሚያምር የመምህር እንግሊዝኛቸው፣ «እባክዎ ያቺን ሴት ከሰልፋችን ያስወጡልን» አሉት።

«ምን አደረገች?»

«የያዘችው ጽሑፍ አልጸደቀም።»

«ማን ነው የሚያጸድቀው?»

«እኛ።»

ፖሊሱ ረጅም፣ ፂሙን የተላጨ ጥቁር ሰው ነበር። ጋሽ ንጋቱን ትንሽ አያቸው፤ አስተያየቱ የትምህርት ሚኒስቴር ኢንስፔክተር ሰነፍ አስተማሪን የሚያየው ዓይነት ነበር። «ጌታዬ፣ የጻፈችው እኔን አይመለከተኝም። እኔን የሚመለከተኝ እግሯ ነው» አለና ወደ የወይንሐረግ ሄደ። ጋሽ ንጋቱም ከኋላው ተከተሉት፤ ምናልባት መተርጎም ካስፈለገ ብለው።

አስፈለገ። ፖሊሱ እዚያ ቦታ ላይ ቆሞ ጽሑፍ መያዝ እንደማይቻል፣ መራመድ እንዳለባት፣ ካልተራመደች እንደሚያስራት ተናገረ። ከወገቡ ላይ የተንጠለጠለው ነጭ የፕላስቲክ ካቴና ያለ አስተርጓሚ ይገባል። የወይንሐረግ ፊት ዐመድ መሰለ። ለብቻዋ ከተራመደች አንሶላው ይታጠፋል፤ ከታጠፈ አይነበብም፤ ከቆመች ትታሰራለች፤ ከታሰረች የጥገኝነት ወረቀቷ አለቀለት። ወንድሟን ልትፈልግ መጥታ ራሷ ልትጠፋ ነው። ቢሆንም ጫፉን አለቀቀችም። እንደቆመች ናት።

«ምን ልበለው?» አሏት ጋሽ ንጋቱ።

«ካሜራው እስኪያነሳኝ ይታገሰኝ በልልኝ… ይበሉልኝ ጋሼ።»

ይህን ተርጉመው ሳይጨርሱ ፖሊሱ ወደ እሳቸው ዞረ። «እርስዎ ከእሷ ጋር ነዎት?»

ጥያቄው የፍልስፍና ነው። ከእሷ ጋር ነኝ ወይ? በየትኛው ትርጉም? ጋሽ ንጋቱ ጥያቄውን ከፋፍለው ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ፖሊሱ ቀደማቸው፤ «እንግዲያው ያንን ጫፍ ይያዙና ተንቀሳቀሱ!»

ጋሽ ንጋቱ ያዙ።

ስለዚህ አያያዝ በኋላ ብዙ ተወርቷል። ሽማግሌው ኅሊናቸው ወቅሷቸው ነው ያለ አለ፤ የምሁር ነገር መጨረሻው ያምራል ያለም አለ። እውነቱን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እውነቱ ደግሞ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው «ያዝ» ካላቸው እጃቸው ከአእምሯቸው ቀድሞ መያዙ ነው። በዕድሜያቸው የሠሩትን ብቸኛ ጀግንነት የሠሩት በፖሊስ ትእዛዝ ነው። ይህን ደጋግመው አስበውበታል፤ ባሰቡት ቁጥርም ያው ነው።

መራመድ ጀመሩ። የወይንሐረግ ከፊት፣ ጋሽ ንጋቱ ከኋላ፣ አንሶላው መሐል። የቦታው ዳርቻ ላይ ሲደርሱ ጋሽ ንጋቱ እንደ ወታደር ሙሉ ለሙሉ ዞሩና አንሶላው ተጠመጠመባቸው። ለጥቂት ጊዜ ቢጫ ቬስት የለበሰ የተገነዘ ሰው መሰሉ።

«ጋሼ፣ አይዙሩ! ጽሑፉ ወደ ቤቱ ይዞራል!»

«ወደየትኛው ቤት?»

«ወደ ነጩ! እነሱ አማርኛ አያነቡ፤ ወደ ካሜራው ነው የሚታየው!»

ፈቷቸው። እሳቸው ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው ተመለሱ። ጉልበታቸው ይንቋቋል። «ትንሽ ዐረፍ ብንል…» ሲሉ ፖሊሱ በጣቱ የክብ ምልክት አሳያቸው፤ ቀጥሉ። ስንቱን ሰው በፊሽካ እንዲህ ሲነዱ ነበር!

የሜጋፎኑ ድምፅ መፈክር መሐል ተቋረጠ። «ጋሽ ንጋቱ! ምን እየሠሩ ነው?»

«ታዝዤ ነው!»

«ማን አዘዘዎት?»

ሁለቱም እጃቸው ስለተያዘ በአገጫቸው ወደ ፖሊሱ አመለከቱ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ኢንጂነር ሠረቀብርሃን ሜጋፎኑን ለሌላ ሰጥቶ እየሮጠ መጣ።

«ቬስቱን ያውልቁ! ኮሚቴው ያልፈቀደውን በኮሚቴው ቬስት አይሸከሙም!»

«እንዴት ላውልቅ? ብለቀው ይወድቃል፤ ብቆም ይታሰራል።»

«ማን ነው የሚታሰረው?»

«እኔ! እሷም! አንተም፣ ቆመህ ከተገኘህ!»

ኢንጂነሩ ይቺን ሲሰማ እግሩን አነሣ። ጎን ለጎን እየተራመደ የቬስቱን ማያያዣ ከአንድ ወገን ፈታ፤ ከሌላው ወገን ለመፍታት በአንሶላው ሥር አጎንብሶ አለፈ፤ ሲያልፍ አንሶላው ሊወድቅ ሆነና ደግፎ ያዘው። ካሜራ የያዘው ሰው ይህን ሁሉ ቀረጸ። የወይንሐረግ ወደ ማንም አላየችም። ፊቷን ወደ ካሜራው አድርጋ «ፍሰሐ! መምህር ፍሰሐ!» እያለች ትጮኻለች።

ጋሽ ንጋቱ ያለ ቬስት፣ በሹራብ ብቻ፣ ብርዱ እየገባቸው ሲመላለሱ አንድ ሐሳብ መጣባቸው። ይህ አገር የሰውን እግር ያስራል፣ አፉን ይተዋል። ይህም ቀላል አይደለም፤ መቆም የማይችል ሰው ምን ያህል ይጮኻል? የእኛ ኮሚቴ ግን ነፃ የተተወውን አፍ ፈልጎ አሰረው። እኔ ደግሞ በሁለቱም ቤት ተቀጥሬ አገለገልሁ፤ ለዚያውም በነፃ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ አስተማሪ ሳሉ ቢመጣላቸው በሩን ዘግተው ያስተምሩት ነበር።

ሲዲው በየካቲት አገር ቤት ገባ። ፍሰሐ በታሰረበት ካምፕ አብሮት ቆይቶ የተፈታ አንድ ሾፌር ኮምቦልቻ ቪዲዮ ቤት ተቀምጦ ሲያይ አንሶላው ላይ ያለውን ስም አነበበ። በማግሥቱ ደሴ ሄዶ የፍሰሐን ሚስት አጠያይቆ አገኛት። በሕይወት አለ፤ እግሩን ታሟል፤ ያለበት ቦታ ይኸ ነው አላት። ሚስቱ ስንቅ ይዛ ሄደች። «እዚህ የለም» ሊሏት ሲሉ ስሙ አሜሪካ የተጠራበትን ቪዲዮ እንዳየች ነገረቻቸው። ስንቁን ተቀበሏት። ባዶው ሳህን በፍሰሐ እጅ ጽሕፈት ምስጋና ተጽፎበት ተመለሰ።

ወሬው ሲልቨር ስፕሪንግ እንደደረሰ ሐሙስ ማታ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ጋሽ ንጋቱ እንደ ተራ አባል ከኋላ ተቀመጡ። በቪዲዮው ላይ ኢንጂነር ሠረቀብርሃን ጎንበስ ብሎ አንሶላውን ደግፎ ሲራመድ ስለሚታይ፣ አገር ቤት ያየው ሁሉ ሊቀመንበሩ ራሱ የተሸከመው መስሎታል። እሱም ይህን ወሬ አላስተባበለም። ይልቁንም «መምህር ፍሰሐ ይፈታ» የሚለው በመጪው ሰልፍ መፈክር ሆኖ እንዲጸድቅ ሐሳብ አቀረበ። «በአስቸኳይ» ይግባ አይግባ በሚለው ላይ እንደተለመደው ተከራክረው፣ ገብቶ በሙሉ ድምፅ አለፈ። ጋሽ ንጋቱም እጃቸውን አወጡ። ደስታው አላስቀመጣቸውም፤ ምግብ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው ደወሉላት።

«የወይንሐረግ! ደስ ይበልሽ፣ ጸደቀልሽ!»

«ምኑ?»

«የወንድምሽ ስም! ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ አጸደቀው። ካርቶኑንም እነሱ ያሠሩታል። ‹በአስቸኳይ› የምትለዋም ገብታለች።»

ከወዲያ በኩል አሮጊቷ ፈረንጅ የምታየው ቴሌቪዥን ይሰማል።

«ጋሼ፣ ማን ለመናቸው?»

«አይ፣ መለመን ሳይሆን ደንቡ…»

«እኔ አዲስ አንሶላ ገዝቻለሁ። ያለበትን ካወቅሁ አሁን ደግሞ ሐኪም ይየው ልል ነው፤ እግሩ እያበጠ ነው። ይህን እነሱ እስኪያጸድቁ አልጠብቅም። ፋሲካው ሳይደርስ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ሰልፍ ኖረም አልኖረም እሄዳለሁ። ሁለት ሰው ይበቃል። ይመጣሉ?»

ጋሽ ንጋቱ «ለኮሚቴው ላስታውቅና» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ሊሉት የነበረውን ቃል ምላሳቸው ላይ ትንሽ አቆዩት፤ ጣዕሙን አወቁት፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲያኝኩት የኖሩት ነው።

«እመጣለሁ» አሉ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እዚያው ደጃፍ ላይ ቀሩ። መሄዳቸውን ለማን ማሳወቅ እንዳለባቸው አሰቡ፤ ለሥራ አለቃቸው፣ ለዮዲ፣ ለፓርኩ መሥሪያ ቤት፣ ለኢንጂነሩ። ለሁለት ሰው ፈቃድ አያስፈልግም፤ መመሪያው ላይ በዓይናቸው አንብበውታል። ሆኖም እንደገና አሰቡ። ፈቃድ የሚጠየቅ ሰው በሐሳባቸው አልመጣላቸውም፤ ልባቸው ግን የትምህርት ቤት ደወል ሳይሰማ ከክፍል እንደወጣ ልጅ ይመታ ነበር።